ልጁ የት ይደግ? ወላጅ ላጣ ልጅ ያሉት አማራጮች ሲነጻጸሩ

እዚህ አዳማ የብዙ ልጅ ዕጣ የሚወሰነው እድር ድንኳን ሥር ነው። ቀብሩ ያልፋል። ሰልስት ይደርሳል። ንፍሮው እየዞረ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጆቹስ እንዴት ይሁኑ?" ይላል። አጎት "ትልቁ እኔ ጋ ይምጣ" ይላል። አክስት ትንሿን ትጠይቃለች። ሌላው ደግሞ "ማሳደጊያ የሚያስገባ ሰው አውቃለሁ" ይላል። ድንኳኑ ሳይነቀል ነገሩ ያልቃል። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ወሬ የአንድ ልጅ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ተወሰነ ማለት ነው።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ወሬ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሳስበው ደስ የሚለኝ ውሳኔ አለ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም አለ። ነገሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አይደለም። ሰው ያሉትን አማራጮች ስለማያውቅ ነው። "ወይ ዘመድ ወይ ማሳደጊያ" ብቻ ያለ ይመስለዋል። ይህን የጻፍኩት ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ልጅ ለማሳደግ ለሚያስቡ ባልና ሚስትም፣ በየወሩ ትንሽ ብር ለመቁረጥ ለሚፈልግ ሰውም ይሆናል።

የድርጅት ስም አልጠራም። ዘንድሮ ጥሩ የሆነ ቤት ኃላፊው ሲቀየር ሌላ ይሆናል። ስም ከምነግራችሁ መመዘኛውን ብሰጣችሁ ይሻላል።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ልጁ ከሚያውቀው ነገር ስንቱ ይቀርለታል? እናቱን የቀበረ ልጅ በዚያው ሳምንት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጓደኞቹንና እህቱን ካጣ ሐዘኑ አንድ አይደለም። አዳማ ላይ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። በኦሮምኛ ሲማር የኖረ ልጅ በመሐል ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ አማርኛ ክፍል ሲገባ፣ ጎበዝ የነበረው ሰነፍ መስሎ ይታያል። ወንድምና እህት መለየትን ግን ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ። "አንድ አንድ እንካፈላቸው" የሚባለው ነገር ለአዋቂው ይቀላል። ለልጆቹ ግን ሌላ ሞት ነው።

ወረቀቱ ማን እጅ ነው? የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ፣ ማለትም ልጁን በሕግ የሚወክለው ማን እንደሆነ የሚወስነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ልጁ በሕግ ፊት ማንም የሌለው ነው። ወላጁ ጡረታ ሲቆረጥለት የቆየ ሠራተኛ ከነበረ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የተተኪ አበል ሊኖረው ይችላል። ቤትም ሊኖረው ይችላል። ወረቀት የሌለው ልጅ ይህን ሁሉ ሲበሉበት ዝም ብሎ ያያል። የልደት ምዝገባ በአገራችን በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ነው። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ቢሆንም፣ ጊዜው ያለፈበት ልጅም ይመዘገባል። ስለዚህ "አልፎበታል" ብላችሁ አትተዉት።

በሩን ማን ያንኳኳል? ልጁ የሚኖርበት ቤት ውስጥ ያልሆነ፣ ግን መጥቶ የሚያየው አንድ ሰው መኖር አለበት። ልጅ ላይ የሚደርስ በደል የሚደርሰው ጠያቂ በሌለበት ነው። ይህ ቤቱ የዘመድ ቢሆንም፣ ትልቅ ግቢ ያለው ድርጅት ቢሆንም ያው ነው።

በሦስተኛው ዓመትስ? በሐዘኑ ወር ሁሉም ደግ ነው። ዱቄት ይመጣል፣ ልብስ ይመጣል፣ ስልክ ይደወላል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ማን አለ? እኔ አማራጭ ስመዝን ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ይህን ነው።

ልጁ ራሱ ምን ይላል? የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ ማንን እንደሚፈራ ያውቃል። ለብቻው፣ ዘመዶቹ በማይሰሙበት ጠይቁት። እኛ ድንኳን ሥር ግን ልጁ በሌለበት እንወስናለን፤ ወይ ደግሞ በሁሉም ፊት አቁመን "ማን ጋ ትሄዳለህ?" እንለዋለን። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ወጪን መጨረሻ ያደረግኩት አውቄ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ።

## ካለበት ሳይነሳ መደገፍ

ይህን አማራጭ ማንም አይጠራውም። ምክንያቱም ልጁ "የትም አልሄደም"፣ ስለዚህ ምንም የተደረገ አይመስልም። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ከዓመታት በፊት ሰፈራችን አንዲት እናት ሞተች። ሦስት ልጆች ትታ ነው ያለፈችው። አባት የለም። ያለችው አያታቸው ናት፤ መናኸሪያው አካባቢ ቆሎ ትሸጣለች፤ የምትኖረውም አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ነው። ዘመዶች ልጆቹን ለሦስት ሊካፈሉ ተስማምተው ነበር። አያቲቱ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝና "ልጄ፣ አትበትኑብኝ። ልጆቹ እኔ ጋ ይሁኑ። እናንተ ዱቄቷን ብቻ ቻሉልኝ" አለች።

ቤቱ ዝም አለ። እውነትም የሚያስፈልገው ይኸው ነበር። ልጆቹ ፍቅር አላጡም፣ ቤት አላጡም። ያጡት እናታቸው በወር ታመጣ የነበረውን ገንዘብ ነው።

ተስማማን። አሥር ቤት በወር 300፣ 300 ብር ሊያዋጣ ቃል ገባ። 3,000 ብር ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወሮች ጥሩ ሄደ። በስድስተኛው ወር አራት ቤት ቀረ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ኑሮው ተወደደ፣ አንዱ ቤት ቀየረ፣ አንዱ ረሳ። ያኔ አሠራሩን ለወጥነው። በበጎ ፈቃድ የሚዋጣውን ተውነውና በእድሩ ወርሃዊ መዋጮ ላይ 20 ብር ጨመርን። 150 አባል ነበርን። 20 ብር ማንንም አልጎዳም፣ ድምሩ ግን ያው 3,000 ነው። ከሁሉም ደግሞ አይቋረጥም። መዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ረድፍ አሰመርኩ፤ "ጠያቂ" የሚል። በየወሩ አንድ የእድር አባል ቤቱ ሄዶ፣ ደብተራቸውን አይቶ፣ ትንሿን አጫውቶ ይመጣና ስሙ ፊት ይፈርማል። ብሩን ከምናዋጣበት ረድፍ ይልቅ ለልጆቹ የጠቀማቸው የፊርማው ረድፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ መንገድ ለመሄድ ካሰባችሁ በመንግሥት በኩል ያለውንም አትርሱ። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም መጀመሪያ በ11 ከተሞች ሲጀመር አዳማ አንዷ ነበረች። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና ችግረኞች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላይም የከፋ ድህነት ላለበት ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ኦሮሚያ ውስጥ ቡሳ ጎኖፋም አለ፤ የቆየው የመረዳዳት ባህል ዛሬ በተደራጀ መልኩ የሚሠራበት ነው። ቀበሌው ወይም ወረዳው ውስጥ ችግረኛን የሚደግፍ የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት ካለ እዚያም አስመዝግቧቸው። አያት ወረፋ ቆማ ይህን ሁሉ አትጨርስም። አብሯት የሚሄድ ሰው መድቡ። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ጊዜ ነው የሚጠይቀው።

ድክመቱን ልንገራችሁ። አያት ታረጃለች። እሷ አንድ ነገር ብትሆን ልጆቹን የሚረከበው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይጻፍ። ሌላው፣ ቤቱ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ ይህ አማራጭ አይሆንም። ድብደባ፣ ስካር፣ ከዚያም የባሰ ነገር ያለበት ቤት ውስጥ ዱቄት መላክ ልጁን እዚያው አሥሮ ማቆየት ነው።

## ዘመድ ቤት

ባህላችን ነው። ጥሩ ባህል ነው። ስንቱ ሰው አጎቱ ቤት አድጎ ሰው ሆኗል። ልጁ ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ የሚያውቅ ቤት ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ 213/1992፣ ወላጆች የሾሙት ሰው ከሌለ ሞግዚትነቱ መጀመሪያ ወደ አያቶች ይሄዳል። ቀጥሎ አካለ መጠን ወዳደረሱ ወንድምና እህቶች፣ ከዚያ ወደ አጎትና አክስት። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ዝርዝሩን አዳማ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጠይቁ።

ግን አንድ ነገር ላውራ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የእናቷ ወገን የሆነች ሴት ከሌላ ከተማ ለልቅሶ መጥታ "እኔ ወስጄ ላስተምራት" አለች። ሁላችንም መረቅናት። እኔም። አንድ ወረቀት አልተጻፈም። የትምህርት ቤት መሸኛ እንኳ አልወጣም። ልጅቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሙት ዓመት መጣች። ውኃ ልታቀርብልኝ ጎንበስ ስትል እጇን አየሁት። በረኪና የበላው እጅ ነው፤ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቀዋል። "ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ዞር ብላ ሴትየዋን አየች።

ይህን ከጻፍኩት ወዲያ መድገም አልፈልግም። "ላስተምራት" ከሚል ቃል በፊት የሚጠየቁትን ነገሮች ያወቅኩት ከእሷ በኋላ ነው።

መሸኛው መጀመሪያ ይውጣ። የምትገባበት ትምህርት ቤት ስም ካልታወቀ ልጅቷ አትሄድም። የቤቱ ሌሎች ልጆች የሚማሩበት ቦታ ነው ወይስ ሌላ? የት ነው የምትተኛው? ቤቱ ውስጥ ሠራተኛ አለች? ሠራተኛ የሌለው ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ለማሳደግ" ሲቸኩል ቆም በሉ። በወር አንድ ጊዜ ከልጅቷ ጋር በስልክ ትነጋገራላችሁ፤ ስፒከር ሳይከፈት። የክረምት ዕረፍት አዳማ መጥታ ታሳልፋለች። እነዚህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ዘመድ ካለ መልሱን ሰጣችሁ ማለት ነው። እውነተኛ ዘመድ አይቆጣም።

ንብረቱም ለብቻው ይታይ። ልጁን የሚወስደው ሰው ቤቱንም፣ የተተኪ አበሉንም፣ የባንክ ደብተሩንም አንድ ላይ ከያዘ ፈተና ውስጥ ገባ። የሞግዚትነት ውሳኔ ሲወጣ የልጁ ንብረት ተዘርዝሮ መዝገብ ላይ ይግባ። ፍርድ ቤት ሳያውቀው ቤቱ አይሸጥ። "አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው" ይባል የለ? ሰማዩ ሩቅ ስለሆነ ቅርብ ያለ መዝገብ ያስፈልጋል።

## አደራ ቤተሰብ

አጭር ነው የምለው፤ እኛ ጋ ገና ስላልተስፋፋ። ዘመድ ያልሆነ፣ ግን ተመርምሮና ሠልጥኖ ልጅን ለጊዜው የሚቀበል ቤተሰብ ነው። ልጁ የእነሱ ልጅ አይሆንም። ወላጁ እስኪድን፣ ከእስር እስኪወጣ ወይም ዘመዱ እስኪፈለግ ያቆዩታል። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የማያውቀው ከሆነ አደራ ቤተሰብ አይባልም፤ ሰው ቤት ማስቀመጥ ነው። ለጨቅላ ሕፃን ከማሳደጊያ እጅግ ይሻላል። አዳማ ውስጥ ለዚህ ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ካለ፣ ሄዶ ቢመዘገብ ትልቅ ክፍተት ይደፍናል።

## ጉዲፈቻ

ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው። "ጉዲሱ" ማሳደግ ማለት ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ በሽማግሌና በጎረቤት ፊት የቤቱ ልጅ ይሆናል፤ እንደ እንግዳ አይታይም። አማርኛው ቃሉን ሲወስድ አደባባይ መዋሉን የተወው ይመስለኛል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው በድብቅ ያደርገዋል፤ ሰፈር ቀይሮ፣ ለልጁም ሳይነግር። ልጁ በ15 ዓመቱ ከጎረቤት አፍ ይሰማል። ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ እንደ ተረት እየተነገረው ቢያድግ ይሻላል ባይ ነኝ።

በፌዴራሉ ሕግ አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለባልና ሚስት አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ያገባ ሰው ለብቻው ጉዲፈቻ አያደርግም፤ አብረው ነው፤ የትዳር ጓደኛውን ልጅ ካልሆነ በቀር። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ውሉ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ከጸደቀ በኋላ ልጁ በሁሉም ነገር እንደ ተወለደ ልጅ ይታያል፤ ይወርሳልም። ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። "ሐሳቤን ቀየርኩ" ብሎ መመለስ ደግሞ የለም። ስለዚህ የተጨነቃችሁበት ዓመት ላይ ሳይሆን፣ የተረጋጋችሁበት ዓመት ላይ ወስኑ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጅ አምጥቶ ማሳደግ ብቻውን ጉዲፈቻ አይደለም። ሃያ ዓመት "ልጄ" ስትሉት ኖራችሁ ወረቀት ከሌለ፣ እናንተ ስታልፉ ወንድሞቻችሁ "አንተ ማን ነህ?" ይሉታል። እድር ላይ ይህንንም አይቻለሁ። ልጁ አስከሬኑን ተሸክሞ፣ ሰልስት ሳይወጣ ከቤቱ ውጣ ተባለ።

ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠት ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ፣ በአዋጅ 1070/2010፣ ቆሟል። "ለፈረንጅ የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ" የሚላችሁ ካለ ሕገ ወጥ ነገር እያቀረበላችሁ ነው።

ድክመቱ ምንድን ነው? ሰው የሚፈልገው ጨቅላ ሕፃን ነው። የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ፣ ሦስት እህትማማች ፈላጊ የለውም። ልጅ የሚፈልግ ባልና ሚስት ይህን የሚያነብ ከሆነ ስለ ትልልቆቹ አንድ ቀን ተነጋገሩ። ትልቅ ልጅ እኮ "እሺ" ብሎ ነው የሚመጣው። የሚመጣው ወዶ ስለሆነ የተለየ ነገር አለው።

## ማሳደጊያ

ማሳደጊያን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ ልሁን። በ1977ቱ ድርቅ ስንት ሕፃን ሕይወቱ የተረፈው እንዲህ ያሉ ቤቶች ስለነበሩ ነው። ዛሬም ሌሊት የተጣለ ሕፃን፣ ቤቱ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ልጅ፣ የሚያርፍበት ጣሪያ ይፈልጋል። ጥያቄው ማደሪያ ይሁን ወይስ ማደጊያ የሚለው ነው።

አንድ ጊዜ ከእድር ሴቶች ጋር ስጦታ ይዘን አንድ ማሳደጊያ ሄድን። በሩ ሲከፈት የሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን አቀፈ። አይቶኝ አያውቅም። ቀጥሎ የሌላዋን ሴት ቀሚስ ያዘ። ከዚያ የሾፌሩን እጅ። "እንዴት ተግባቢ ነው!" ተባብለን ተደሰትን። ቆይቶ ነው የገባኝ። የእኔ ልጅ በዚያ ዕድሜው እንግዳ ሲመጣ እናቱ ኋላ ይደበቅ ነበር። የሚደበቅበት ሰው ስላለው ነው። ያ ልጅ የሚደበቅበት ሰው አልነበረውም።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ሩማንያ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ጥናት ማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታትሏል። ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ፣ የቀሩት በነበረው እንክብካቤ ቆዩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም ሰውን በመቅረብም በለጡ። ጎልቶ የታየው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በሄዱት ላይ ነው። ቡካሬስት ላይም ሕፃናቱ ይበሉ ነበር። ያጡት አንድ የራሴ የሚሉትን ሰው ነው። የእኛም አገር የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም።

ሌላ መንገድ ጠፍቶ ማሳደጊያ ከሆነ፣ ሄዳችሁ እነዚህን እዩ። ፈቃዱ ታድሷል ወይ? አንዲት ተንከባካቢ ስንት ልጅ ትይዛለች፣ ከመጣችስ ስንት ዓመቷ ነው? ዘመድ ሲመጣ በፈገግታ ይቀበላሉ ወይስ "ልጁን ይረብሸዋል" ይላሉ? የልጁን ቤተሰብ የሚፈልግ ሠራተኛ አላቸው? ወንድምና እህት አንድ ቤት ያድራሉ? 18 ሲሞላው ወዴት ይሄዳል? የመጨረሻውን ስትጠይቁ ፊታቸውን እዩ። ልጆቹን ለእንግዳ አሰልፎ የሚያዘምር፣ ፎቶአቸውን በየቦታው የሚለጥፍ ቤት እኔ አይመቸኝም።

## ሲጠቃለል

| አማራጭ | የሚቀርለት ነገር | ወረቀት | ጠያቂ | ሦስተኛው ዓመት | ወጪው ማን ላይ ነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ካለበት መደገፍ | ሁሉም ማለት ይቻላል | ሞግዚትነት | ጎረቤት፣ እድር | መዋጮው ቋሚ ከሆነ ጥሩ | በብዙ ሰው ይከፈላል |
| ዘመድ ቤት | ወገኑ፤ ሰፈሩ ላይቀር ይችላል | ሞግዚትነት፣ መሸኛ | ካልተመደበ የለም | እንደ ቤቱ ይለያያል | ዘመዱ ላይ |
| አደራ ቤተሰብ | ትንሽ፤ ለጊዜው | የጽሕፈት ቤት ስምምነት | ማኅበራዊ ሠራተኛ | ለዚያ አልታሰበም | ቤተሰቡና ደጋፊው |
| ጉዲፈቻ | አዲስ ቤት፣ ዘላቂ | ፍርድ ቤት ያጸደቀው ውል | በጥቂቱ | ከሁሉ የጸና | አሳዳጊው ሙሉ በሙሉ |
| ማሳደጊያ | በጣም ትንሽ | የድርጅቱ መዝገብ | እንደ ቤቱ | እርዳታ ሰጪው ላይ የተንጠለጠለ | ከሁሉ ውድ፤ ለጋሽ ላይ |

## ለእናንተ የትኛው?

ድንኳን ሥር ያላችሁ እድርተኞች። በሰልስት አትወስኑ። "እስከ አርባው ልጆቹ ባሉበት ይቆዩ" ብላችሁ ጊዜ ግዙ። እስከዚያ የሞት ምስክር ወረቀቱን አውጡ፣ የቤቱን ካርታና የባንክ ደብተሩን ሦስት ሰው ፈርሞ ያስቀምጥ፣ ልጆቹን ለየብቻ አነጋግሩ። አርባ ቀን ብዙ ነገር ያጠራል። የሚወስዳቸው ዘመድ እንኳ የሚለየው በዚያ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የጮኸው ሳይሆን በየሳምንቱ የመጣው።

በወር 200 ወይም 500 ብር የምትችሉ። ለብቻችሁ አንድ ልጅ "ለመያዝ" አትሞክሩ። ችግር ሲመጣባችሁ ልጁ አብሮ ይወድቃል። አምስት ሆናችሁ አንዲት አያት ወይም ብቻዋን የምታሳድግ እናት ደግፉ። ብር የሌላችሁ ጠያቂ ሁኑ። የሂሳብ አስተማሪ ከሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን አስጠኑ።

ልጅ የሌላችሁ ባልና ሚስት። ጉዲፈቻ፣ በወረቀት፣ በግልጽ። ከደላላ አትቀበሉ። ሆስፒታል ደጃፍ "ልጅ አለ" የሚላችሁን ሰው ትታችሁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ። ገንዘባችሁ እዚህ ያለውን ቤት ያጸናል። ልጁን ለሚያሳድገው ሰው በየወሩ ላኩ፣ ትንሽም ቢሆን በማይዛነፍ ቀን። በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ብር ልኮ ከመጥፋት ይሻላል። በየሳምንቱ ልጁን በቪዲዮ አናግሩት። ማሳደጊያ ልትገነቡ ያሰባችሁም አላችሁ። ግንብ ከመሥራታችሁ በፊት ያንኑ ብር ለስንት አያት ዱቄት እንደሚሆን አስሉት። እኔ ብሆን ግንቡን እተወዋለሁ።

ዛሬ ማታ ልጅ ያገኛችሁ። አዳማ መንገድ ላይ ናት። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌ አውቶቡስ ሲገባ ብቻውን የሚወርድ ልጅ አለ። ቀን ሃይላንድ ይሰበስባል፣ ሊስትሮ ይሠራል፣ ማታ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ትንሽ ከቆየ ማስቲሽ ይለምዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው ወርቅ የሆኑት፤ ያኔ አብዛኛው ልጅ ቤቱን ይናፍቃል፣ የቀበሌውንም ስም ይናገራል። ቤታችሁ ወስዳችሁ በዚያው አታስቀሩት፤ ልባችሁ ንጹሕ ቢሆንም ነገ ለእናንተም ለእሱም ችግር ይሆናል። አብሉት። በሚያውቀው ቋንቋ አነጋግሩት። የመጣበትን ወረዳ፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ጻፉ። ለምን እንደወጣ ጠይቁት፤ ተደብድቦ ከሆነ ዝም ብሎ አውቶቡስ ላይ ማሳፈር አይሆንም። ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አብራችሁት ሂዱ፤ ለጥበቃ ሰጥታችሁ አትመለሱ። የተቀበላችሁን ሰው ስም ያዙ። ስልካችሁን ተዉላቸው። በሦስተኛው ቀን ደውላችሁ "ያ ልጅ የት ደረሰ?" በሉ። ካላነሱ በአራተኛው ቀን ሄዳችሁ ጠይቁ።